ዬሎ ስፕሪንግስ፦ ኮሌጇን ያሳደገችና የፈተነች መንደር

አሜሪካ ሲባል የአብዛኞቻችን ሃሳብ የሚሮጠው ወደ ኒውዮርክ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች፣ ወደ ሎስ አንጀለስ የፊልም ሠፈር፣ ወይም ዘመድ ወዳጆቻችን ወደሚኖሩባት ዋሽንግተን ነው። የሀገሪቱ ታሪክ ግን በታላላቅ ከተሞች ብቻ የተሠራ አይደለም። ዙሪያቸውን የእርሻ ማሳ የከበባቸው፣ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ ጥቂት አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ኮሌጅ ይዘው ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ መንደሮች አሉ። ከእነዚህ አንዷ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ ከዴይተን ከተማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዬሎ ስፕሪንግስ ናት። ስሟ በአማርኛ ሲመለስ «ቢጫ ምንጮች» ማለት ነው።

መንደር የምንላት ለማሳነስ አይደለም፤ ሕጋዊ ማዕረጓ ነው። በኦሃዮ ሕግ የነዋሪው ቁጥር 5,000 ያልሞላ ማዘጋጃ ቤት ከተማ ተብሎ አይጠራም። ዬሎ ስፕሪንግስ ይህን ቁጥር ሞልታ አታውቅም፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ 3,697 ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ አንድ ቀበሌ የማትስተካከል ይህች ሥፍራ ግን ላለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ግድም አሜሪካን በሚያስጨንቁት ጥያቄዎች ሁሉ ውስጥ እጇ አለበት። ባርነት፣ የሴቶች ትምህርት፣ የዘር መድልዎ፣ የሥራና የዕውቀት ጋብቻ፣ የኮሌጆች ኪሳራ፣ የቤት ዋጋ መናር፤ ሁሉም በዚህች መንደር ጎዳና ላይ አልፏል። ታላላቅ ሃሳቦች በኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ሲነገሩ ያምራሉ። ሃሳቡ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን ከአዳራሹ በር ወጥቶ ትምህርት ቤትና ፀጉር ቤት ሲደርስ ነው። የዬሎ ስፕሪንግስ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ፈተና ታሪክ ነው።

ለመሆኑ አሜሪካኖች ኮሌጆቻቸውን ስለ ምን ገጠር ወስደው ተከሉ? በ19ኛው ምዕተ ዓመት የየእምነቱ ማኅበር ሁሉ የራሱን ሰባኪና አስተማሪ የሚያፈራበት ትምህርት ቤት ይፈልግ ነበር። ወላጆችም ልጆቻቸው ከከተማ መሸታና ጨዋታ ርቀው እንዲማሩ ይመርጡ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት መሬት ነው። መንደር የሚቆረቁረው ባለ መሬት ኮሌጅ ከመጣለት የቀረው መሬቱ ዋጋ እንደሚያወጣ ስለሚያውቅ፣ ለሕንጻው ሥራ የሚሆን ቦታ በነፃ ይሰጣል። ኦሃዮ በዚህ መንገድ በተተከሉ ትንንሽ ኮሌጆች የተሞላች ናት። ለእኛም ቢሆን ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። ኋላ በፋሺስት ወረራ ዘመን በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን የመሠረቱት ዶክተር መላኩ በያን፣ ወደ ሕክምና ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በ1920ዎቹ የተማሩት በዚያው በኦሃዮ፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል መንደር በሚገኘው የሙስኪንገም ኮሌጅ ነበር።

ከምንጩ እስከ ኮሌጁ

ዬሎ ስፕሪንግስ ስሟን ያገኘችው ከምንጯ ነው። ከዓለቱ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ብረት ስላለበት ያለፈበትን ድንጋይ ሁሉ ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም ይቀባዋል። ነጮቹ ሠፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት አካባቢው የሾኒ ሕዝብ አገር ነበር። ኋላም ውሃው ይፈውሳል እየተባለ ከሲንሲናቲና ከሌሎች ከተሞች እንግዶች ይመጡ ጀመር፤ ለእነሱም ማረፊያ ሆቴሎች ተሠሩ።

በ1825 መቶ ያህል ቤተሰቦች አንድ እንግዳ ሃሳብ ይዘው ወደ ምንጩ መጡ። የዌልሳዊው የፋብሪካ ባለቤትና የማኅበራዊ ለውጥ አራማጅ የሮበርት ኦዌን ተከታዮች ነበሩ። የግል ሀብት የሚባል ነገር ቀርቶ ሁሉም እኩል ሠርቶ እኩል የሚበላበት ማኅበር ሊመሠርቱ አስበው ነበር። ዳሩ ግን ማኅበሩ ከአንድ ዓመት ብዙም አልዘለለም። ማን ምን ይሥራ በሚለው ጥያቄ ላይ መግባባት ጠፍቶ ተበተነ። የመንደሯ የመጀመሪያ ትልቅ ሃሳብ የወደቀው በዕለት ሥራ ክፍፍል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ተመሳሳይ ነገር ኋላም እናያለን።

መንደሯን መንደር ያደረጋት ዊሊያም ሚልስ የተባለ ባለ መሬት ነው። በ1840ዎቹ የባቡር ሐዲድ በአካባቢው ሲያልፍ የሚልስ ተስፋ ለመለመ። በ1850 «የክርስቲያን ኅብረት» የሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ኮሌጅ ለመክፈት መወሰኑ ሲሰማ፣ ሚልስ መሬትና ገንዘብ አቅርቦ ኮሌጁን ወደ ዬሎ ስፕሪንግስ ሳበው። የኮሌጁም ስም አንቲዮክ ተባለ። ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ ደቀ መዛሙርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩባት የአንጾኪያ ስም ነው።

ለመጀመሪያ ፕሬዚዳንትነት የተመረጠው ሆሬስ ማን ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ትምህርት ስሙን የማያውቀው አልነበረም። በማሳቹሴትስ ለሁሉም ልጅ፣ ለሀብታሙም ለድሃውም፣ በመንግሥት ወጪ የሚካሄድ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ የታገለ፣ ኋላም የኮንግረስ አባል ሆኖ ባርነትን የተቃወመ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ሰው ሞቅ ያለውን የቦስተን ኑሮ ትቶ በ1853 ወደ ኦሃዮ ገጠር ሲመጣ የጠበቀው ገና ያላለቀ ሕንጻ ነበር። ያም ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ወንዶችና ሴቶች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዓይነት ትምህርት ይማሩ ነበር። ርብቃ ፔኔል የተባለችው የእህቱ ልጅም ከወንዶቹ ፕሮፌሰሮች እኩል ማዕረግ ይዛ አስተማረች። ይህ በዘመኑ በሀገሪቱ ከታዩት የመጀመሪያ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

የማን መከራ ገንዘብ ነበር። የኮሌጁ መሥራቾች ካፒታል ያሰባሰቡበት ዘዴ ዛሬ ሲታይ ያስገርማል። መቶ ዶላር የከፈለ ሰው አንድ ተማሪ ለዘለዓለም ያለ ክፍያ የማስተማር መብት ይገዛ ነበር። መቶ ዶላሩ አንድ ጊዜ ገብቶ ያልቃል፤ ተማሪው ግን በየዓመቱ ይመጣል። በዚህ አሠራር ኮሌጁ ብዙ ተማሪ ባገኘ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል ማለት ነው። እንደ ተፈራውም በ1859 ንብረቱ በዕዳ ለጨረታ ቀረበ። ወዳጆቹ ተረባርበው ባይገዙት ኖሮ የአንቲዮክ ታሪክ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። በዚያው ዓመት የበጋ ወቅት ማን ተመራቂዎችን ሲሰናበት ለሰው ልጅ የሚጠቅም አንድ ድል ሳያስመዘግቡ መሞትን እንዲያፍሩበት መከራቸው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በነሐሴ 2 ቀን ዐረፈ። ያ ምክር የኮሌጁ መፈክር ሆኖ እስከ ዛሬ ይደገማል።

ነፃ የወጡት ሰዎች መንደር

የኮሌጁ መሥራቾች ሴቶችን በሚመለከት ግልጽ አቋም ቢይዙም፣ ጥቁሮች ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውን ጥያቄ ሳይነኩት ነበር ያለፉት። በማን ዘመን ሁለት ጥቁር ልጃገረዶች በኮሌጁ የመሰናዶ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አንድ የባለአደራዎች ቦርድ አባል ሥልጣኑን ለቆ ልጆቹንም አስወጣ። ልጃገረዶቹ ግን ቀሩ። በ1863 ቦርዱ በቆዳ ቀለም ምክንያት ማንንም መከልከል እንደማይቻል በድምፅ ብልጫ ወሰነ። ሁሉም አልተስማማም፤ ተቃውመው ድምፅ የሰጡም ነበሩ።

ቦርዱ በሚከራከርበት በዚያው ሰሞን መንደሯ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ሞንኪዩር ኮንዌይ የቨርጂኒያ ባሪያ አሳዳሪ ልጅ ሆኖ ሳለ የባርነት ጠላት የሆነ ሰባኪ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ እየተፋፋመ በነበረበት በ1862 ከአባቱ እርሻ ያመለጡ ሠላሳ ያህል ሰዎችን በባልቲሞር አድርጎ፣ በባቡር አሳፍሮ ዬሎ ስፕሪንግስ አደረሳቸው። የመረጣትም ያስጠጋቸዋል ብሎ ያመነባት ሥፍራ ስለሆነች ነው። ሰዎቹ መሬት ይዘው፣ ቤት ሠርተው ቀሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ በ1856 የተመሠረተው የዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ይገኝ ነበር፤ በ1863 በአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እጅ ገብቶ በጥቁር አሜሪካውያን ባለቤትነት የሚተዳደር የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሆነ። አካባቢው እንዲህ እያለ በጥቁሮች ዘንድ የታወቀ ሆነ።

ከሰፈሩት ሰዎች ሁሉ በመንደሯ የማይረሳው ዊሊንግ ጎንት ነው። በኬንታኪ በባርነት ተወልዶ፣ ከጌታው ሥራ በተረፈው ጊዜ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ራሱን ዋጅቶ፣ ሚስቱንም ገዝቶ ነፃ ያወጣ ሰው ነው። በ1860ዎቹ ወደ ዬሎ ስፕሪንግስ መጥቶ ቤትና መሬት እየገዛ ሀብት አፈራ። በ1894 ከመሞቱ በፊት ዘጠኝ ኤከር መሬት ለመንደሯ አወረሰ። ኑዛዜው አንድ ግዴታ ነበረበት፤ ከመሬቱ በሚገኘው ገቢ በየዓመቱ ለድሆች መበለቶች ዱቄት እንዲገዛላቸው። መሬቱ ዛሬ በስሙ የተጠራ የመዝናኛ ሥፍራ ነው። ዱቄቱም እስካሁን አልተቋረጠም፤ ስኳር ተጨምሮበት በየገና ሰሞን የመንደሯ ሠራተኞች ከቤት ቤት ያድላሉ። ነጭም ጥቁርም መበለት ይቀበለዋል። ስለ እኩልነት የተጻፈ መግለጫ ብዙ ነው፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሳይዛነፍ የተፈጸመ ግን ይህን የመሰለ ብዙ አይገኝም።

መሐንዲሱ ፕሬዚዳንት

ከጦርነቱ በኋላ አንቲዮክ ለአምሳ ዓመታት ያህል አልሞተም፣ አልዳነም። በገንዘብ እጦት ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው አርተር ሞርጋን የመጣው። ሞርጋን የኮሌጅ ዲግሪ ያልነበረው መሐንዲስ ነው። በ1913 ዴይተንን አጥለቅልቆ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች የፈጀው ጎርፍ እንዳይደገም ግድቦችን ነድፎ ያሠራው እሱ ነበር። በ1920 የአንቲዮክ ፕሬዚዳንት ሲሆን ኮሌጁን እንደ ተበላሸ ግድብ ከመሠረቱ ጀምሮ መጠገን ያዘ።

ከ1921 ጀምሮ ተማሪው ጥቂት ወራት በክፍል ይማራል፣ ጥቂት ወራት ደግሞ በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በጋዜጣ ቢሮ ወይም በሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ከዚያም ተመልሶ መጽሐፉን ይገልጣል። ሥራው ለትምህርቱ ማስታወቂያ ወይም ለኪስ ገንዘብ ብቻ የታሰበ አልነበረም። ሞርጋን ኃላፊነት መሸከምን የማያውቅ የተማረ ሰው ግማሽ ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህ ዘዴ አንቲዮክን በመላ ሀገሪቱ አስጠራው። ሞርጋን ራሱም ኋላ በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያቋቋሙት የቴነሲ ሸለቆ ልማት ባለሥልጣን የመጀመሪያ ሊቀመንበር ሆነ።

ለመንደሯ ከሁሉ የበለጠው ነገር ሌላ ነው። ሞርጋን ትንንሽ ፋብሪካዎች በትንንሽ መንደሮች መተከል አለባቸው፣ አለበለዚያ የተማረው ወጣት ሁሉ ወደ ከተማ ይነጉዳል ይል ነበር። እንዳለውም ምሩቃኑ በመንደሯ ማተሚያ ቤትና የመሣሪያ ፋብሪካ ከፈቱ። በ1948 በአንቲዮክ ምሩቃን የተቋቋመው የዬሎ ስፕሪንግስ የመሣሪያ ኩባንያ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአንቲዮክ ምሩቅ የነበረው ሊላንድ ክላርክ በ1950ዎቹ በደም ውስጥ ያለን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ፈለሰፈ። ይኸው ሃሳብ ኋላ ስኳር ለመለካት ዋለ፤ የመንደሯ ፋብሪካም በ1975 የደም ስኳር መመርመሪያ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በስኳር በሽታ የተያዘ ሰው በየቤቱ ጣቱን ወግቶ የሚመረመርበት ዘዴ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር እዚህ ይደርሳል።

በ1929 ደግሞ የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪ የነበረው ጠበቃ ሂዩ ቴይለር በርች ምንጩ የሚገኝበትን ጫካ ገዝቶ፣ በሟች ልጁ በሄለን መታሰቢያነት ለአንቲዮክ ሰጠ። ግሌን ሄለን የሚባለው ይህ ጫካ እየሰፋ ሄዶ አንድ ሺህ ኤከር ያህል ሆነ። የመንደሯ ሰው ከቤቱ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ሳይሄድ ከዛፍና ከፏፏቴ ውስጥ ይገባል።

ኮሬታና ፀጉር ቤቱ

በ1943 አንቲዮክ ጥቁር ተማሪዎችን ፈልጎ ማምጣት ጀመረ። በዚህ መንገድ መጀመሪያ ከመጡት አንዷ ከአላባማ የመጣችው ኤዲት ስኮት ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቷ ኮሬታ ተከተለቻት። ይህች ልጅ ኋላ የማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት በመሆን ዓለም ያወቃት ኮሬታ ስኮት ኪንግ ናት።

ኮሬታ ሙዚቃና የአስተማሪነት ሙያ ታጠና ነበር። ለመመረቅ የአንድ ዓመት የማስተማር ልምምድ በመንደሯ የሕዝብ ትምህርት ቤት ማድረግ ይጠበቅባታል። በትምህርት ቤቱ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው ይማራሉ፤ አስተማሪዎቹ ግን ሁሉም ነጮች ነበሩ። የትምህርት ቦርዱ ኮሬታን አልቀበልም አለ። የኮሌጁ አስተዳደርም ከቦርዱ ጋር መጋጨትን አልፈለገም። ከፈለገች ጎረቤት ከተማ ባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ትለማመድ ተባለች። ኮሬታ ከአላባማ የወጣሁት ከዚህ ዓይነቱ ነገር ለመሸሽ ነው በማለት አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻም ልምምዷን በኮሌጁ የራሱ ትምህርት ቤት አድርጋ በ1951 ተመረቀች። በዚያ ጊዜ የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የሚታገለው ማኅበር የኮሌጁ ቅርንጫፍ አባል ሆና ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የሆሬስ ማን ኮሌጅ፣ የዊሊንግ ጎንት መንደር፣ አንዲት ወጣት የሕፃናት ክፍል ገብታ መዝሙር እንዳታስተምር ከለከለ። ኮሌጁ ውስጥ ስለ እኩልነት የሚሰጠው ትምህርት በዚያ ዓመት አልቆመም፤ የንግግሩም ጣዕም አልተለወጠም። ዳሩ ግን ከበሩ ውጭ ሁለት መቶ ሜትር መራመድ አቅቶት ነበር። ኮሬታ ራሷ አንቲዮክን አልረገመችም፤ እንዲያውም ለኋላ ትግሏ ያዘጋጃት ትምህርት ቤት መሆኑን ደጋግማ ተናግራለች። ቢሆንም ያን ክልከላ አልረሳችውም።

ሁለተኛው ፈተና በ1960ዎቹ መጣ። በመንደሯ ዋና መንገድ ላይ የነበረ አንድ ፀጉር አስተካካይ የጥቁሮችን ፀጉር መቁረጥ አልችልበትም እያለ ይመልሳቸው ነበር። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተጓተተ። ተማሪዎችና ነዋሪዎች ከቤቱ ፊት ለፊት እየቆሙ ተቃወሙ። በመጨረሻ በመጋቢት 14 ቀን 1964 የአንቲዮክ፣ የዊልበርፎርስና የሴንትራል ስቴት ተማሪዎች በብዛት ወጥተው መንገዱን ዘጉ። ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝና የእሳት አደጋ ውሃ ተጠቀመ፤ ከመቶ በላይ ሰዎችም ታሰሩ። አላባማና ሚሲሲፒ ብቻ ይታያል ይባል የነበረው ትዕይንት በሰሜን፣ ያውም በ«ለዘብተኛዋ» መንደር ታየ። ሰውየው ሱቁን ዘጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የሲቪል መብቶች ሕግ በዋሽንግተን ተፈረመ።

የመንደሯ ሰው በዚህ ጉዳይ አንድ ልብ አልነበረም። ተቃዋሚዎቹን የደገፈ እንዳለ ሁሉ፣ «ተማሪ መጥቶ ይሄዳል፤ ከጎረቤቴ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ» ብሎ የተከፋም ነበር። ይህ ቅሬታ በኮሌጅ መንደር ሁሉ ያለ ነው። ተማሪው አራት ዓመት ተቀምጦ ዓለምን ለመለወጥ ይሻል፤ ነዋሪው ግን በማግስቱ በዚያው ሱቅ ዳቦ መግዛት አለበት። ሆኖም ያለ ተማሪዎቹ ግፊት ፀጉር ቤቱ ስንት ዓመት ሊቆይ ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም። በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ ለአንቲዮክ ተመራቂዎች ንግግር ያደረጉት ባለቤታቸው ያለማመዷት ዘንድ ለምና በተከለከለችባት በዚያችው መንደር ነው።

ኮሌጁ ሲዘጋ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መውጣትም መውረድም አለበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአንቲዮክ ተማሪዎች ቁጥር ከሁለት ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ኮሌጁም በሀገሪቱ በየቦታው ቅርንጫፍ እየከፈተ ራሱን ዩኒቨርሲቲ አደረገ። በ1973 ጸደይ ለድሃና ለጥቁር ተማሪዎች የተሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ዋስትና ይኑረው በሚል ጥያቄ የተነሣ አድማ ኮሌጁን ለሳምንታት አሽመደመደው። ብዙ ተማሪዎች ሄደው አልተመለሱም። የአድማው ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ኮሌጁ ቃል የገባውን ድጋፍ የሚከፍልበት ገንዘብ አለመኖሩም እውነት ነበር። የመቶ ዶላሩ ስጦታ ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል። አንቲዮክ መቼም ቢሆን ከሃሳቡ የሚመጣጠን ካዝና ኖሮት አያውቅም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በተማሪዎቹ ግፊት፣ በወንድና በሴት ግንኙነት እያንዳንዱ እርምጃ በግልጽ ፈቃድ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አወጣ። የቴሌቪዥን ቀልደኞች ለወራት ተሳለቁበት። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ካሊፎርኒያ ይህንኑ ሃሳብ ለዩኒቨርሲቲዎቿ ሕግ አድርጋ ስታወጣ የሣቀ ሰው ጥቂት ነው።

በሰኔ 2007 የዩኒቨርሲቲው ባለአደራዎች ኮሌጁ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚዘጋ አስታወቁ። ምክንያቱ የተማሪው ማነስና የገንዘብ ጉድለት ነው። አራት ወር ሳይሞላ የአንቲዮክ ምሩቅ ማሪዮ ካፔኪ በሕክምና የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ ተሰማ። ተማሪው ስቶክሆልም ላይ ሲሸለም ያስተማረው ኮሌጅ በሩን ሊዘጋ ይሰናዳ ነበር።

በ2008 ኮሌጁ ሲዘጋ መንደሯ ምን ሆነች? ኮሌጁ ከዋና ቀጣሪዎቿ አንዱ ነበር። መጻሕፍት መደብሩ፣ ቡና ቤቱ፣ የቤት አከራዩ፣ በ1929 የተከፈተው ትንሹ ሲኒማ ቤት፣ ሁሉም በተማሪና በአስተማሪ ገንዘብ የለመዱ ናቸው። ብዙዎች መንደሯ አብራ ትሞታለች ብለው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሥራ የተሰናበቱ መምህራንና ከግቢው የወጡ ተማሪዎች በየመኖሪያ ቤቱ፣ በየቡና ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ትምህርቱን ቀጠሉ። ለአንድ ዓመት ያህል ሕንጻ የሌለው ኮሌጅ በመንደሯ ሳሎኖች ውስጥ ኖረ። የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው በ2009 ግቢውን ከዩኒቨርሲቲው ገዙ። በ2011 መጸው 35 ተማሪዎች ያለ ክፍያ ተቀብለው አንቲዮክን እንደገና ከፈቱት። እንደ 1859 ሁሉ ያዳኑት ወዳጆቹ ናቸው።

ይህ ግን እንደ ተረት የሚያልቅ ታሪክ አይደለም። ዳግም ከተከፈተ ወዲህ የተማሪው ቁጥር ከጥንቱ ጋር የሚወዳደር ሆኖ አያውቅም። በ2020 ኮሌጁ ግሌን ሄለንን ለጫካው ወዳጆች ማኅበር አሳልፎ ሸጠ። በ1958 በኮሌጁ ግቢ ሥርጭት የጀመረው የሬዲዮ ጣቢያም በ2019 ራሱን ችሎ ወጥቷል። ድሮ ኮሌጁ የያዘውን አንድ በአንድ የነዋሪው ማኅበራት እየተረከቡት ነው። ልጅ አድጎ እናቱን እንደሚጦር ዓይነት ነገር ይመስላል።

ዛሬ የዬሎ ስፕሪንግስ ፈተና የቤት ዋጋ ነው። ጫካዋና ዝናዋ ከከተማ ገንዘብ ያለውን ሰው ይስባል። አባቱ በአንቲዮክ ያስተማረው ታዋቂው ኮሜዲያን ዴቭ ሻፔልም ነዋሪ ሆኖ በመንደሯ ሥራ ላይ ገንዘብ አውሏል። በ2022 ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ገቢ የሚሆኑ ቤቶችንም ያካተተ የግንባታ ዕቅድ ለመንደሯ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ እሱና ሌሎች ነዋሪዎች ተቃወሙት። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆኖ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ቀረ። ተቃዋሚዎቹ መንደሯ መልኳን እንዳታጣ ነው ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ አስተማሪዋና ነርሷ መኖር ካልቻሉባት መልኳ ምኑ ነው ሲሉ ይጠይቃሉ። ከኮንዌይ ሰዎች ጀምሮ የመንደሯ ኩራት የነበረው የጥቁር ነዋሪዎች ድርሻም ከ1970ዎቹ ወዲህ ቀንሷል። ማንም አላባረራቸውም፤ ቤቱ ተወደደ እንጂ።

እንግዲህ ይህች መንደር የምታስተምረው ምንድን ነው? ከሀገሯ ቀድማ ያየችው ብዙ ነው፤ ሴት ፕሮፌሰር፣ ጥቁር ተማሪ፣ ሥራን የሚያስተምር ኮሌጅ። ቀድሞ ማየት ግን ከፈተና አላዳናትም። በ1825 የሥራ ክፍፍል፣ ከዚያ የኮሌጁ ካዝና፣ ቀጥሎ የትምህርት ቦርዱና ፀጉር ቤቱ፣ ዛሬ ደግሞ የቤት ኪራይ ተራ በተራ ፈትነዋታል። አንዳንዱን ወድቃ፣ አንዳንዱን አልፋ እዚህ ደርሳለች። ያለፈቻቸውን ስናያቸው በንግግር ብቻ ያለፈችው የለም። አንድ ሰው መሬቱን አወረሰ፣ ሌላው ጨረታ ገባ፣ ሌላው ሳሎኑን ለክፍል ሰጠ፣ መቶዎቹ ታሰሩ። አሁን የሚጠበቀው ቤት ለሌለው ነዋሪ ማን ምን እንደሚሰጥ ነው። ምክር ቤቱ በስብሰባው መወሰን ያለበትም ይህንኑ ነው።